አምሳ ሎሚ

አባቶቻችን «አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለአምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። በአማርኛ ክፍለ ጊዜም ተጠይቄ ትርጓሜውን በትክክል መልሻለሁ። ነገር ግን ተረትን ማወቅ ሌላ፣ ተረቱ የሚናገርለትን ሸክም በገዛ ትከሻ መሸከም ሌላ መሆኑን የተረዳሁት መምህር ሆኜ የ52 ተማሪዎች ስም የሰፈረበትን መዝገብ ከተረከብሁ በኋላ ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቼ የማወጋው ስለ ሰላም ነው። ሰላም ስል በመንግሥታት መካከል የሚፈራረሙትን ሰላም ማለቴ አይደለም፤ ሌሊት ዓይኑ አልከደን ያለው ሰው የሚናፍቀውን የልብ ሰላም ማለቴ ነው። ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ ተማሪዎችና አዲስ ሥራ የያዙ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆኑ፣ ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም ብዬ አምናለሁ።

ዘንድሮ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ትምህርት ከተመረቅሁ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በከተማይቱ ደቡብ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ እንዳስተምር ተመደብሁ። መኖሪያዬንም መካኒሳ አደረግሁ፤ በአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። መካኒሳ ማለዳ የታክሲ ረዳቶች «ጀሞ! ለቡ! ሜክሲኮ!» እያሉ የሚጣሩባት፣ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ በስተደቡብ ምዕራብ የፉሪ ተራራ ጎልቶ የሚታይባት ሰፈር ናት።

ደመወዜ ምን ያህል እንደ ነበረ መናገሩ አያስፈልግም፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ይገምተዋል። ግማሹ ለቤት ኪራይ ይሄዳል። እናቴ የስኳር በሽታ ስላለባት ለመድኃኒቷ በየወሩ እልካለሁ። ታናሽ እኅቴም ገና ተማሪ ናት። ስለዚህ ቀን ቀን በትምህርት ቤት ሳስተምር ውዬ፣ ማታ ማታ በየሰው ቤት እየዞርሁ ልጆች አስጠና ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ቤቴ ስገባ ያልታረመ ደብተር ተቆልሎ ይጠብቀኛል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አላማረርሁም። ወጣት ጉልበቱ የማያልቅ ይመስለዋልና። በልቤም «እነዚህን ልጆች እኔ ራሴ አሳልፋቸዋለሁ» ብዬ ነበር። ልብ በሉልኝ፤ «እኔ ራሴ» ነው ያልሁት። ዛሬ ሳስበው የመከራዬ ሥር ያችው ቃል ነበረች።

በዚያን ጊዜ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አዲስ መልክ ይዞ ነበር። ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለማስቀረት ሲባል፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ልጆቹ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እያደሩ ይፈተኑ ጀመር። የእነዚያ ልጆች ውጤት በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኔም ደነገጥሁ፤ ነገር ግን «የእኔ ልጆች እንዲህ አይሆኑም» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የእኔ ልጆች በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ተፈተኑ። ውጤቱ በመስከረም መጨረሻ 2016 ዓ.ም. ወጣ። በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ከ840 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 27 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶው 3.2 መሆኑ ነው። ከ1 ሺህ 300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ከእኔ 52 ልጆች ያለፉት ሁለት ነበሩ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ አንዲት ተማሪዬ ቆማ ጠበቀችኝ። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ደብተሯን በቀይ ብዕር እያሰመረች የምትይዝ፣ ያልገባትን ሳትጠይቅ የማታልፍ ልጅ ነበረች።

«ቲቸር» አለችኝ፤ «አባቴ ‹እንግዲህ ምን ልትሆኚ ነው?› አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?»

እኔ መልስ አልነበረኝም። ዓመቱን ሙሉ ለጥያቄ ሁሉ መልስ አለው እያልሁ ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው፣ ለዚህች ልጅ ጥያቄ አንድ ቃል አጣሁ። «አይዞሽ» አልኋት። እርሷም አንገቷን ደፍታ ሄደች።

የዚያን ዕለት ማታ መብራቱን አጥፍቼ ብተኛም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነብኝ መሰለኝ። የአምሳውን ልጆች ስም በመዝገቡ ተራ እየቆጠርሁ፣ ለእያንዳንዱ ምን ሳላደርግለት እንደ ቀረሁ ስመረምር ነጋ። እንዲህ ያለው ሌሊት አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ምግብ አስጠላኝ። የእናቴ ስልክ ሲጠራ ሳላነሣው እቀር ጀመር፤ በዚያ ወር የምልክላት ስላልተረፈኝ አፍሬ ነበርና። ሥራዬን ትቼ ከአገር ልውጣም ብዬ አሰብሁ። አንድ ሌሊትማ ባይነጋ ብዬ ተመኘሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ነገር ግን እንደ እኔ የተመኘ አንባቢ ይኖር ይሆናልና አልደብቀውም።

«ታዲያ አልጸለይህም ነበርን?» የሚለኝ ይኖራል። ጸልዬአለሁ። ይሁን እንጂ ጸሎቴ ክርክር ነበር። «ይህን ያህል ደክሜአለሁ፤ ይህን ያህል ሊከፈለኝ ይገባል» እያልሁ ለእግዚአብሔር እኩልዮሽ አቀርብለት ነበር። ሁለቱ ወገኖች እኩል አልሆን ሲሉኝም ወይ እርሱን ወይ ራሴን እወቅስ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በሬ ተንኳኳ። አከራዬ ነበሩ። እኚህ እናት ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውም ርቀው የሚኖሩባቸው ሴት ናቸው። እኔ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ያደግሁ ነኝ፤ እርሳቸው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው። በጾም ወራት የጾም ወጥ ለእኔ ለብቻ ይሠሩልኛል እንጂ ስለ ሃይማኖት ተከራክረን አናውቅም። በአንድ እጃቸው እንጀራ በሽሮ የያዘ ሳሕን፣ በሌላው እጃቸው በጆግ ውኃ ይዘዋል።

«ልጄ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ምድጃህ አልተለኮሰም። በል ብላ» አሉኝ።

«እማማ፣ አልራበኝም። ይልቅስ ይጸልዩልኝ።»

«መጸለዩንስ እጸልይልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ብላ። ኤልያስን መልአኩ ምን እንዳደረገለት አታውቅም?»

ታሪኩን ከሰማሁት ብዙ ጊዜዬ ስለ ነበር አላስታወስሁም። እርሳቸው ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው ነገሩኝ። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው፣ ነቢዩ ኤልያስ ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ልትገድለው በዛተች ጊዜ ነፍሱን ለማዳን ወደ ምድረ በዳ ሸሸ። ከአንድ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም በቃኝ፣ ልሙት ብሎ ለመነ፤ ከዚያም ተኛ። መልአክ መጥቶ ቀሰቀሰው። ከራስጌው በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አገኘ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰውና የሚሄድበት መንገድ ረጅም ስለ ሆነ እንዲበላ ነገረው።

አከራዬ ይህን ሲጨርሱ «ልብ አድርግ ልጄ» አሉኝ። «መልአኩ አልገሠጸውም። ‹እምነትህ ወዴት ሄደ?› ብሎም አልመረመረውም። እንጎቻ ነው ያቀረበለት። በል አሁን ብላ።»

በላሁ። እርሳቸው ሳሕኑን ይዘው ሲወጡ ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ ጋደም አልሁ። የነቃሁት ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፤ የማለዳ ወፎች ይንጫጩ ነበር።

ቀኑ እሑድ ስለ ነበረ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ከቅጥሩ ውስጥ ራቅ ብዬ ቆምሁ። በዚያን ዕለት እኩልዮሼን ይዤ አልመጣሁም። «ጌታዬ ሆይ፣ አልቻልሁም» ብቻ አልሁ። ከረጅም ጊዜ ወዲህ የጸለይሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ጸሎት ይህ ይመስለኛል። ሰማይ አልተከፈተም፤ ድምፅም አልሰማሁም። ፀሐዩ ሲጠነክር ግን አጠገቤ የነበረ፣ የቀን ሠራተኛ የሚመስል አንድ ሰው ከዛፉ ጥላ ሥር ጠጋ ብሎ በዓይኑ ጠቀሰኝና ቦታ ሰጠኝ። እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ ድረስ ሁለታችን በአንድ ጥላ ሥር ቆምን። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ፈጽሞ አልተነሣም፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ተነፈስሁ።

ስመለስ አከራዬ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። እኔም ያሰብሁትን ሳልደብቅ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ዛሬስ ቀለል ብሎኛል። ነገር ግን ነገ ሲነጋ ልጆቹ እንደ ወደቁ ናቸው፤ እናቴም እንደ ታመመች ናት። ምንም ያልተለወጠ ነገር ሳይኖር የመጣ ሰላም ስንት ቀን ይቆያል?»

ጥቂት ዝም አሉና «የቄስ ጉዲናን ባለቤት ታሪክ ሰምተሃል?» አሉኝ።

አልሰማሁም ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች የቅርቡን ዘመን ታሪክ ከሩቁ ይልቅ አናውቀውም። በዚያን ዕለት ከእርሳቸው አፍ የሰማሁትን በኋላ ከመጻሕፍት አንብቤ አጣርቼአለሁ። ይህን ለማድረግ የተነሣሣሁትም በየቀኑ ስለማየው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ነው። ሴሚናሪው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በመካኒሳ የተቋቋመ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ነው። በበሩ ስንት ጊዜ አልፌ ሳለ የቤተ ክርስቲያኒቱን ታሪክ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ቄስ ጉዲና ቱምሳ በወለጋ፣ ቦጂ የተወለዱ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል ሠርተዋል። በአሜሪካ በሚኔሶታ የነገረ መለኮት ትምህርት ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በደርግ ዘመን ተደጋግመው ታሰሩ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢከፈትላቸውም ምእመናኑን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ ከጸሎት ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተይዘው ተወሰዱ። ቄስ ጉዲና ተገደሉ። ወይዘሮ ፀሐይ በዚያች ሌሊት ቢለቀቁም፣ በሚቀጥለው ዓመት ተይዘው ብዙ ግፍ ተፈጸመባቸውና ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። የባላቸው ዐፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። የእኚህ እናት የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ ወጥቶአል፤ የሚያነበው ሰው ሁሉ የሚደነቅበት ነገር ወይዘሮ ፀሐይ ወደ እስር ቤት ይዘውት የገቡትን እምነት ይዘውት መውጣታቸው ነው።

አከራዬ ሲኒውን አቀበሉኝና እንዲህ አሉ፦ «ማዕበሉ እስኪቆም ቢጠብቁ ኖሮ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሰላም ባላገኙም ነበር። ሰላም ማዕበሉ ከቆመ በኋላ የሚሰጥ ደመወዝ አይደለም፤ ለመንገዱ የሚሰጥ ስንቅ ነው።»

ይህን የነገሩኝ የእኔን መከራ በሌላው መከራ አጠገብ አቁመው ለማሳነስ አልነበረም። ሰው ጥርሱን ሲያመው እግሩ የተቆረጠ ሰው ቢያሳዩት ሕመሙ አይሽርለትም። ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ሰላምን ከውጤት በኋላ የምትመጣ አድርጌ ቆጥሬአት ነበር፤ ልጆቹ ካለፉ፣ እናቴ ከዳነች፣ ደመወዙ ከበቃ። እርሳቸው ግን በፊት የምትመጣ አድርገው አሳዩኝ። በፊት ካልመጣችማ ሥራውን በምን ጉልበት እንሠራዋለን?

ሳነብ ካገኘኋቸው ነገሮች አንዱን አልረሳውም። ቄስ ጉዲና ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የውጭ አገር ረጂዎች ለልማት ሥራ ገንዘብ በብዛት ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ሥራ ግን ይነፍጋሉ። ደብዳቤው ይህን ተቃወመ፤ ሰው አንድ ሙሉ ፍጡር ነውና ሥጋውንና ነፍሱን ለያይቶ ማገልገል አይቻልም የሚል ነበር ሐሳቡ። ይህ ደብዳቤ በብዙ አገር አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ክርክር አስነሥቶአል። እኔ ግን ሳነበው የታየኝ ክርክሩ አልነበረም፤ እንጀራ በሽሮ የያዘው ሳሕን ነበር። አከራዬ ለነፍሴ ሊጸልዩ አስበው ከሆዴ ጀመሩ።

ይህ ትምህርት የአንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። የመነኮሳት ሁሉ አባት የሚባለው የግብፁ አባ እንጦንስም በበረሃ ሳለ ልቡ ታክቶት፣ ሐሳብ በዝቶበት ተጨንቆ እንደ ነበር ይነገርለታል። ምን ላድርግ ብሎ እግዚአብሔርን ሲጠይቅ፣ እርሱን የሚመስል ሰው አየ። ያ ሰው ተቀምጦ የሰሌን ገመድ ይጎነጉናል፤ ከዚያ ተነሥቶ ይጸልያል፤ ተመልሶ ተቀምጦ ገመዱን ይጎነጉናል። ለካ መልአክ ነበርና እንጦንስን እንዲህ ብታደርግ ትድናለህ አለው። እንጦንስም ይህን አይቶ ተደሰተ። ለታላቁ ባሕታዊ የተሰጠው መድኃኒት ራእይና ምሥጢር ሳይሆን የጸሎት ሰዓትና የገመድ ሥራ መሆኑ እኔን እጅግ አጽናናኝ።

የኤልያስንም ታሪክ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። አከራዬ ያልነገሩኝ ሁለተኛ ክፍል አለው። ኤልያስ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ተራራ ሲደርስ «እኔ ብቻዬን ቀረሁ» እያለ ያማርር ነበር። የተሰጠው መልስ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለበኣል ጉልበታቸውን ያላንበረከኩ ሰባት ሺህ ሰዎች በእስራኤል አሉ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሄዶ ኤልሳዕን በእርሱ ፋንታ ነቢይ እንዲሆን እንዲቀባው ነው። እንግዲህ «እኔ ብቻዬን» የሚለው ሐሳብ ስሕተት ነበር ማለት ነው። «እኔ ራሴ አሳልፋቸዋለሁ» ያልሁት እኔ ከዚህ በላይ ምን ይነገረኝ?

ከዚያ በኋላ ያደረግኋቸው ነገሮች ትልልቅ አይደሉም።

በመጀመሪያ ለእናቴ ደወልሁ። ገንዘብ እንደሌለኝና ስለዚህ ስልኳን እንዳላነሣሁ ነገርኋት። «አንተ ልጅ!» አለችኝ፤ «መድኃኒቱን የጎረቤቶቼ ዕድር እንኳ ይገዛልኛል። ያንተን ድምፅ ከማን ልግዛ?» ለካ ከስኳሩ ይልቅ ዝምታዬ ነበር የጎዳት።

ቀጥዬ የፊዚክስና የእንግሊዝኛ መምህራን ባልደረቦቼን አነጋገርሁ። እነርሱም እንደ እኔ እየተጨነቁ፣ እንደ እኔ ዝም ብለው ኖረዋል። ሦስታችን ሆነን ቅዳሜ ጧት ሁለት ሁለት ሰዓት ለማስጠናት ተስማማን። የዚያን ዓመት ተማሪዎች አምስት አምስት አድርገን በቡድን ከፈልናቸው፤ ባለፈው ዓመት የወደቁትም የፈለጉ እንዲመጡ ጠራናቸው። እያንዳንዱ ቡድን የስሕተት ደብተር የሚባል አንድ ደብተር ይይዛል፤ የተሳሳቱትን ጥያቄ ለምን እንደ ተሳሳቱ ጭምር ይጽፉበታል። እነዚህን ደብተሮች ስመረምር ዓመቱን ሙሉ ያላየሁትን ነገር አየሁ። ልጆቹ የሚሸነፉት በካልኩለስ አልነበረም፤ ከታች ክፍል ሳይገባቸው ባለፈው ክፍልፋይና በነጋቲቭ ምልክት ነበር። እኔ ጣሪያ ሳለብስ መሠረቱ አልነበረም። ብቻዬን ስደክም ያልታየኝ፣ ሸክሙን ስከፋፍለው ታየኝ።

ሦስተኛው ነገር የማታው ሥርዓት ነው። የማስጠናባቸውን ቤቶች ቀነስሁ፤ ገቢዬም በዚያው መጠን ቀነሰ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ደብተሩ ቢያልቅም ባያልቅም እዘጋዋለሁ። ከዚያም በመዝገቡ ተራ የሦስት ልጆች ስም አንሥቼ እጸልያለሁ፤ በየምሽቱ ሦስት ብቻ። ቀድሞ አምሳውን በአንድ ሌሊት ስቆጥር ጭንቀት ነበር። አሁን ሦስቱን ስጠራ አደራ ማስረከብ ሆነ። ከእኔ በፊት የሚያውቃቸው፣ እኔ ስተኛም የማይተኛ ባለቤት እንዳላቸው አምኜ መብራቴን አጠፋለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ መጨረሻው ምን ሆነ ትለኝ ይሆናል። ልጆቹ ሁሉ አለፉ ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ባማረልኝ ነበር፤ ነገር ግን ውሸት ይሆናል። በአገር ደረጃ ያለፉት በ2016 ዓ.ም. ከመቶው 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ነበሩ። በእኛም ዘንድ በመጀመሪያው ዓመት አምስት፣ በሁለተኛው ሰባት አለፉ። ጭማሪው ደስ ያሰኛል፤ ያላለፉት ግን አሁንም ይበዛሉ። ያች «ምን ብዬ ልመልስለት?» ያለችኝ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ቆይታ በድጋሚ ተፈተነች። በጥቂት ነጥብ ወደቀች።

በዚያን ጊዜ «አይዞሽ» ብዬ አላሰናበትኋትም። ከባልደረባዬ ጋር ሆነን አባቷን ቤታቸው ድረስ ሄደን አነጋገርናቸው። ዛሬ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ ትማራለች። ባለፈው ሳምንት በጀርመን አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት።

«ቲቸር፣ ክፍልፋይ አሁን አልፈራም» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ታክሲው መጣና ገባች። እኔ ሰልፉን ትቼ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድሁ።

ከመሰናበቴ በፊት ለወጣት አንባቢዎቼ ሁለት ነገር ልጨምር። እምነት ሐኪምን አይከለክልም። እንቅልፍ ማጣቱና ምግብ መጥላቱ ከቀጠለ፣ ይልቁንም ባይነጋ ብሎ መመኘት ከተደጋገመ፣ ለቅርብ ሰው ነግሮ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም እንደ አማኑኤል ወዳለ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል መሄድ የእምነት ጉድለት አይደለም። ሐኪሙም ከመልአኩ እንጎቻ አንዱ ነውና። ሁለተኛው፣ በሩ የተዘጋ፣ ምድጃው ያልተለኮሰ ጎረቤት ካላችሁ ሄዳችሁ አንኳኩ። ትልቅ ስብከት አያስፈልጋችሁም። ሳሕን ይዛችሁ ሂዱ።

ዘንድሮም የክፍሌ መዝገብ ከፊቴ ነው። ስሞቹ ካለፈው ዓመት በሁለት በልጠው 54 ሆነዋል። ሎሚዎቹ አልቀነሱም፤ ሸክሙም አልጠፋም። ነገር ግን ማታ መዝገቡን ስዘጋ፣ ሎሚውን ሁሉ የያዝሁት እኔ አለመሆኔን አውቃለሁ። በእጄ ያለው የነገው ቀን ድርሻዬ ነው፤ እርሱንም የሰጠኝ ጌታ፣ ስንቁን ሳያዘጋጅ መንገድ እንደማያስጀምረኝ በአንዲት አሮጊት እጅ አሳይቶኛል።